በሬ መለሰ

ከላይ ቤት መንደር ወደ ታች ቤት መንደር የሚወርድ መንገደኛ መሐል ላይ የሚያገኘው ለምለም መስክ «በሬ መለሰ» ይባላል። ስሙን የሰማ እንግዳ ሁሉ የጠፋ በሬ የተገኘበት ቦታ ይመስለዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ይስቅና «ኧረ አልጠፋም፤ መልስ ሰጠ እንጂ» ይለዋል። ሣሩ ክረምት ሲወጣ ጉልበት ይደርሳል፤ ከብቱ ጠግቦ እዚያው ተኝቶ ያመሰኳል።

እንደሚነገረው ይህ መስክ በጥንት ዘመን የብረት ድንጋይ የሚወጣበት ጉብታ ነበር። የላይ ቤት ሰዎች ድንጋዩን ቆፍረው፣ በከሰል እያቀለጡ፣ ለአገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር፤ የታች ቤት ገበሬዎችም በማረሻቸው ያርሳሉ፣ በማጭዳቸው ያጭዳሉ፣ ለጋብቻ ግን አይፈልጓቸውም ነበር ይባላል። ድንጋዩ ሲያልቅ ጉብታው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፣ ጥቁሩ አፈር ከታች ቀዩ ከላይ ሆኖ፣ ሣር የሚባል ሳይበቅልበት ቀረ።

በታች ቤት አያ ድንበሩ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። አንድ ክረምት ቦራ የተባለው የሚወዱት በሬያቸው ከጉድጓዶቹ በአንዱ ወድቆ ሞተባቸው፤ ለወንድማቸው እንኳ ያላለቀሱትን አለቀሱ ይላሉ ሽማግሌዎች። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው ከላይ ቤት ሽማግሌ መጣ። ባይነሳኝ የሚባለው የቀጥቃጩ ልጅ እንጉዳይ የምትባለውን ልጃቸውን ሊያገባ ፈልጎ ነበር፤ ሽማግሌ ላክ ያለችውም ራሷ እንጉዳይ ናት የሚሉ አሉ።

አያ ድንበሩ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ጨርሰው እስኪናገሩ ታገሡና «በሬዬን የዋጠው መሬት ሣር አብቅሎ በሬዬን ያበላ ዕለት ልጄን ውሰዱ» አሉ። አይሆንም ማለታቸው ነበር። ሽማግሌዎቹም ገብቷቸው በትራቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ፣ እንጉዳይ ከጓዳ ሆና «አባባ ቃል ሰጡ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል!» ብላ ጮኸች። አያ ድንበሩም የተናገሩትን መዋጥ አሳፈራቸው።

ባይነሳኝ በነጋታው ዶማውን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። በጋውን ሙሉ ጉድጓዱን ሲሞላ፣ ጉብታውን ሲያስተካክል ከረመ፤ ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ የሞላውን ሁሉ ጠርጎ ወንዙን ደም አስመሰለው። የታች ቤት ሰዎች «ሙሽራው ሣር ሳይሆን በርበሬ ነው የሚያመርተው» እያሉ ሳቁበት። እሱም ዶማውን ጥሎ ተቀምጦ ሳለ እንጉዳይ እንስራዋን አዝላ በዚያ አለፈች።

«ሞላኸው እንጂ አላበላኸውም» አለችው።

«መሬት ምን ይበላል?»

«ከብት የሚጥለውን ነዋ። የተራበ መሬት ምን አለውና ይሰጥሃል?»

ከዚያ ወዲያ እንጉዳይ ከአባቷ በረት አዛባ በእንቅብ እየዛቀች ወደ ጉብታው ታመላልስ ጀመር። አዛባ፣ የከብቱ እርጥብ እበት፣ በዚያ አገር ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ኩበት ደግሞ ማገዶ ነው፤ ስለዚህ አያ ድንበሩ «ምድጃዬን ልታጠፊው ነው?» ብለው ተቆጡ። እሷም «ቦራ የወደቀበትን ቦታ ላለብስለት ብዬ ነው» አለቻቸው ይባላል።

ወሬው ተሰማ። ባይነሳኝ በበኩሉ በጉድጓዶቹ አፍ ድንጋይ ደርድሮ ጎርፉን አገደ። በዚያ ዓመት የሚያገቡ ጓደኞቹ አንዳንድ እንቅብ አዛባ ተሸክመው መጡለት፤ እነሱን ያዩ የታች ቤት ጎረምሶችም፣ ገሚሱ አዝኖለት፣ ገሚሱ አያ ድንበሩ ሲሸነፉ ማየት አምሮት፣ የበጋ በረታቸውን እየነቀሉ ጉብታው ላይ ተከሉ። ከብቱ በየተራ እዚያ አደረ፤ የበላውን የሣር ዘር ከእበቱ ጋር ጣለ። በቀጣዩ ክረምት ጉብታው እንደ ሕፃን ፀጉር ስስ አረንጓዴ ለበሰ፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ደግሞ ሣሩ ንፋስ ሲነካው የሚተኛ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ቃሉን ሊጠይቁ ወደ ታች ቤት ተመልሰው ሄዱ። አያ ድንበሩ ግን «የእኔ በሬ መች በላ?» አሉና ከቦራ ሌላ የቀራቸውን በሬ ከደጃፋቸው አሰሩት። በመስከረም፣ የአገሩ ከብት ሁሉ ለምለም ሲግጥ፣ የእሳቸው በሬ የከረመ ጭድ እያኘከ፣ አንገቱን ወደ ጉብታው አዙሮ ያገሳ ነበር። ጎረቤት ሳቀ፤ እንጉዳይ ግን አልሳቀችም። እንጀራ ለአባቷ ታቀርባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ አንዲት ቃል አትናገርም። ያ ዝምታ ከሳቁ ሁሉ የበለጠ ከበዳቸው ይባላል።

አንድ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አባቷ ከጉብታው ሣር መሐል ተቀምጠው አየቻቸው። በሬው አጠገባቸው ሣሩን ይነጫል። እሳቸው በአንድ እጃቸው አፈሩን ይዳብሳሉ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«በሬው ገመዱን በጥሶ መጣብኝ» አሉ።

ገመዱ ሳይበጠስ በሌላው እጃቸው ተጠቅልሏል። እንጉዳይ ገመዱን አየችው።

«ታዲያ በሬው ምን ይላል?»

አያ ድንበሩ «ይጣፍጣል ይላል» አሏት። ቀጥለውም «ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው። ፈጠን በይ፤ በሬው ሳይጠግብ ይድረሱ» አሏት።

ልባቸውን ያራራው የልጃቸው ዝምታ ነው የሚሉ አሉ፤ የበሬው ማግሳት ነው የሚሉም አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ለሠርጉ ሲመርቁ «እኛ ተመላልሰን ያጣነውን መልስ በሬ መለሰልን» ስላሉ መስኩ በዚሁ ተጠራ። ላይ ቤትና ታች ቤትም ከዚያ ወዲህ ተጋብተው ተዋልደው አንድ ሆነዋል።

ዛሬም በዚያ አገር ሙሽራ አንድ እንቅብ አዛባ መስኩ ላይ ሳያፈስስ ወደ ሙሽሪት ቤት አይዘልቅም። ባለፈው ጥር ከባሕር ዳር የመጣ ሙሽራ በአበባ ባጌጠ መኪና መስኩ ዳር ደርሶ፣ ከገበያ የገዛውን አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ቢያወርድ፣ የሙሽሪት እናት «ይኼ ከየትኛው ላም ወጣ?» ብለው መለሱት። ሙሽራው ከነሱፉ ጎረቤት በረት ገባ፤ እንቅቡን በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ ሚዜዎቹ በሳቅ ወደቁ፣ ልጃገረዶቹ እልል አሉ። መስኩ ላይ አፍስሶ፣ ክራባቱ ተጣሞ፣ እጁን በሣር እየጠረገ ወደ ሙሽሪት ቤት ሲመጣ በሩ ላይ የቆሙት አማቱ ጠጋ ብለው አሸተቱትና በሩን ለቀቁለት።

«ግባ ልጄ፤ አሁን ገና ሙሽራ ሙሽራ ሸተትህ።»