የጦጣዋ የእርቅ ድንጋይ

ተረቴ መጣች፤ ጠጋ ጠጋ በሉላት። ጆሮ ያለው ይስማ፤ እንቅልፍ የያዘው ነገ ጓደኛውን ይጠይቅ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ተጣልተው በሽማግሌ በሚታረቁበት ዘመን፣ እመት ጦጣ የአያ ጃርት ማሳ ገብታ ስኳር ድንቹን በላች። በዚያው ሰሞን ወንዙ ደረቀ። ውሃ የቀረው አያ ጃርት ደጅ ባለችው ምንጭ ብቻ ነበር። አያ ጃርትም፣ ጦጣ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ካልጠየቀች አንድ ጉንጭ እንኳ እንደማትቀምስ ተናገረ። የጦጣ ልጅ ደግሞ ከንፈሩ ደርቆ ያለቅሳል።

በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ መቆሙ የአገሩ ወግ ነው። ጦጣ ግን ወጉን ወደደች፣ ክብደቱን ጠላች።

መጀመሪያ ጠጠር ተሸክማ ሄደች። አያ ጃርት ቢያይ ቢያይ ድንጋዩ አልታይ አለው። ሲያድግ ይዘሽው ነይ ብሎ መለሳት።

ሁለተኛ ቅል በጭቃ ለቅልቃ ተሸከመች። ወገቤን፣ ወገቤን እያለች ስታቃስት ነፋስ መጣና ድንጋዩን ይዞት ሄደ። ቅሉም፣ እኔ ሆዴ ባዶ፣ የእርቅ ነገር ምን አውቄ እያለ ቁልቁል ተንከባለለ።

ሦስተኛ እትዬ ኤሊን ለመነቻት። ራሷንና እግሯን ሰብስባ ድንጋይ እንድትመስል፣ ትንፍሽም እንዳትል አስማለቻት። ከዚያ ተሸከመቻትና ሄደች፤ ልጇም ጭራዋን ይዞ ተከተላት። ባለ ነጭ ጢሙ ሽማግሌ አባ ጉሬዛ ከፊት ቆሞ፣ ስለ ልጁ ብለህ ማራት እያለ ለመነ።

አያ ጃርት ድንጋዩን አየና ደስ አለው።

“እሺ፣ ያጠፋሽውን ከአፍሽ ልስማ።”

“አንዲት ድንች ነው የበላሁት፣ አያ። እሷም የበሰበሰች ነበረች።”

ድንጋዩ አንገቱን ብቅ አደረገ።

“ኧረ እመት ጦጣ፣ ለእኔ የሰጠሽኝ ሁለቱ እንኳ ደህና ነበሩ።”

አባ ጉሬዛ ሳቁን በጢሙ ሸፈነ። አያ ጃርት ግን አልሳቀም፤ ምንጩን በጠፍጣፋ ድንጋይ ሊከድን ተነሳ። ልጁ የእናቱን ጭራ ለቀቀና ወደ ውሃው አየ።

ጦጣ ኤሊን አወረደቻት። ትከሻዋ ባዶ ሆኖ ሳለ አንገቷን ደፋች።

“ተው፣ አያ። ማሳውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ስጠግብም የተረፈውን እየነከስኩ ጣልኩት። አጥፍቻለሁ።”

አያ ጃርት ጠፍጣፋውን ድንጋይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ከምንጩ ዞር አለላት። ልጁ ጠጣ፣ እናቱም ጠጣች።

ኤሊም ቀስ እያለች ወደ ውሃው ስትጠጋ፣ አያ ጃርት “አንቺስ፣ ድንጋይሽ የታለ?” አላት።

“እኔማ ተሸክሜው ነው የተወለድኩት፣ አያ።”

ይሄኔ እሾሁ እስኪንኳኳ ሳቀ፤ እሷንም አጠጣት።

ድንጋይን እጅ ያወርደዋል፤ በደልን ግን አፍ ነው የሚያወርደው።