ኬላ ላይ የሚዘገዩት ሽማግሌ

አንድ ሰው ነበረ፤ በሰው አገር የሚኖር፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው። ልጄ፣ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም፣ ታገሠኝ።

ይህ ሰው ከመሰሎቹ ጋር በጭነት መኪና ተሳፍሮ ድንበር አጠገብ ወዳለ የድንጋይ ካባ ለሥራ ይመላለስ ነበር። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። እዚያ ሲደርሱ ሁሉም ወርዶ ይሰለፋል። ወረቀት የሌለው ከኋላ ይቆማል።

ከመካከላቸው ወረቀት የነበራቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ሁልጊዜ ፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ወረቀታቸውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በጨርቅ፣ ጨርቁን በፎጣ ቋጥረው ይመጡና ቋጠሮውን ፈታሹ ፊት በጥርሳቸው ይፈታሉ። ፈታሹ ይሰለቸዋል፣ የኋላ መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ፣ በመጨረሻ ሌላውን ሳያይ «ሂዱ፣ ጥፉልኝ» ብሎ ሁሉንም ይለቃል። ያ ሰው ታዲያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ሽማግሌውን ይረግማል። «እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን ያስይዙናል» ይላል።

«አባባ፣ ምናለ በእጅዎ ቢይዙት?» አላቸው አንድ ጊዜ።

«ይጠፋብኛላ፣ ልጄ» አሉት።

ሽማግሌው በዚያው አገር ሞቱ። ሠልስታቸው በዋለ ማግሥት ለዚያ ሰው ወረቀት ወጣለት፤ ደስታው ሐዘኑን አስረሳው። ሥራ በተጀመረ ቀን ኬላው ላይ ፊት ቆሞ ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየ። ፈታሹ አንዴ አይቶ አሳለፈው። ጊዜ ስለተረፈውም ወደ ሰልፉ መጨረሻ መራመድ ጀመረ። እዚያ የቆሙት ከዚያ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ የሚበሉ፣ ወረቀት የሌላቸው ሁለት ጓደኞቹ ነበሩ።

ያን ጊዜ ገባው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ሲያሳልፈው እንደኖረ አወቀ። አዲሱን ወረቀት ቢነጥቁት ዳግም አያገኝም። ቢሆንም ተመልሶ፣ «ጌታዬ፣ ያላሳየሁዎት ወረቀት አለ» አለና ሻንጣውን ፈታሹ እግር ሥር ዘረገፈው። ካልሲ ወጣ፣ ማንኪያ ወጣ፣ ደረቅ ዳቦ ወጣ፤ ወረቀት የለም። ፈታሹ ተናዶ የእጁን ወረቀት ነጠቀው፣ ማህተሙን በጥፍሩ ፋቀው፣ አገላበጠው። ከኋላ ጥሩንባው ቀለጠ። በመጨረሻ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ወርውሮ «ይዘኻቸው ጥፋ!» አለው። ጓደኞቹም አብረውት ተሳፈሩ። ያ ሰው «ነፍስዎን ይማር፣ አባባ፣ አመሰግናለሁ» እያለ እስከ ካባው ድረስ አለቀሰ።

አንተም ልጄ፣ «ከተማ ስገባ ያስጠጋኝ ሰው ሞቷል፤ ምስጋናዬን የት ላድርስ?» አልኸኝ። ዛሬ ቤት ያለህ አንተ ነህ። መቃብሩ ድረስ አትድከም። እሱ አዲስ መጪ ሊያስጠጋ ይቆምበት የነበረው ደጃፍ ባዶ ነው፤ ሂድና ቁምበት።