አልገባ ያለው ፋይል

አንድ ቀን በአንድ ወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሩ ፋይል አልቀበል አለ። ቀኑ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቅብጠት የሚመች አልነበረም። አባ ሰንጋ ቆላው ቀበሌ ገብቶ በሬ እየጣለ ነው፤ ጥማድ ይዞ ያደረ ገበሬ ጠዋት ሲነሣ አንዱን ብቻ ያገኛል። የዞኑ የክትባት ኃላፊ ዶክተር ምንትዋብ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ መጥታ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣለች። በየቀበሌው ስንት ከብት እንዳለና ስንቱ እንዳልተከተበ ከስታትስቲክስ ፕሮግራሙ ወጥቶ ካላየች አትሰጥም። መረጃው እስከ ምሳ ሰዓት ካልደረሰላት ወደሚቀጥለው ወረዳ ታልፋለች። እዚያም በሬ አለ።

ይህን የሚሠራው ላቀው የሚባለው የስታትስቲክስ ባለሙያ ነው። የከብቶቹን ዝርዝር በኤክሴል ጨርሶ ከሠራው ቆይቷል። የዚያ አገር ገበሬ ከብቱን የሚያስመዘግበው በስሙ ስለሆነ ዝርዝሩ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ሻሾ እያለ ይወርዳል፤ ከጎኑ ዕድሜው፣ ፆታው፣ መከተብ አለመከተቡ። ይህ ሁሉ ኤክሴሉ ላይ ያምራል። ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ ግን ይዘበራረቃል፤ የከብቶቹን አማካይ ዕድሜ ሲጠይቁት እንኳ ዕድሜ የሚባል ቁጥር አላየሁም ይላል።

ላቀው ምክንያቱን ያውቀዋል። እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ የጽሕፈት ቤቱ ስም በደማቁ ተጽፏል፣ ከሥሩ የኃላፊው ስም ከነማዕረጉ ሰፍሯል፣ ግርጌው ላይ ደግሞ እንዳጸደቁት ለማሳየት ያው የኃላፊው ስም ተደግሟል። ፕሮግራሙ ወግ አያውቅም። ከቁጥሮቹ በላይ ፊደል ስላየ ቁጥሮቹንም ፊደል ናቸው ብሎ ይደመድማል። ከላይና ከታች ያለውን ጽሑፍ ማንሳት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ማን ወንድ ነው የሚያነሳው? አምና አንድ ባልደረባ የኃላፊውን ስም ከአንድ ሠንጠረዥ ላይ አውርዶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

ኃላፊው አቶ አሥራደ ቢያድግልኝ ይባላሉ። አዳማ ሄደው የኮምፒውተር ሥልጠና ወስደዋል፤ ሰርተፊኬታቸው ከወንበራቸው በላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ነገር የለም። ፋይሉ አልገባም ሲባሉ ቫይረስ ነው አሉ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። አይ፣ ገመዱ ነው አሉ፤ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ነቅለው ሰኩት። ቀጥሎ ኢንተርኔቱ ነው አሉ። ላቀው ፕሮግራሙ ኢንተርኔት እንደማይጠቀም በትሕትና ሲነግራቸው፣ «ታዲያ እንዴት ይግባ?» አሉት።

ላቀው በመጨረሻ እውነቱን ነገራቸው። ስማቸውን ለጊዜው ያነሳዋል፣ ፋይሉን ያስገባል፣ ሲታተም መልሶ ያስቀምጠዋል። አቶ አሥራደ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ያላጸደቅሁትን መረጃ ማን ያምነዋል?» አሉ። «እንዳለ ይግባ። አንዲት ፊደል እንዳትነካ።»

ዶክተር ምንትዋብ ሰዓቷን አይታ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። በመስኮቱ በኩል ከግቢው በር ላይ የቆላው ገበሬዎች ቆመው ይታያሉ። አንደኛው በሬው ትናንት የሞተበት ሰው ነው፤ የቀረውን ለማዳን ነው የመጣው። ላቀው ሰውየውን ሲያይ ተናደደ። እሱ ደግሞ ሲናደድ ድምፁ ይብሱን ዝቅ ይላል። ተቀመጠና አንዲት ፊደል ሳይነካ ፋይሉን እንዳለ አስገባው። ከዚያም ስክሪኑን ወደ አቶ አሥራደ አዞረላቸው።

«እንዳሉኝ አድርጌያለሁ፣ ጋሽ አሥራደ» አለ። «እንግዲህ ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ከብት ነው። እርስዎም ገብተዋል። ይኸውልዎ፣ መጨረሻው ላይ።»

አቶ አሥራደ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። እውነትም አሉ። ከዳለቻ ቀጥሎ፣ ከሻሾ ቀጥሎ፣ አሥራደ ቢያድግልኝ። ዕድሜ፣ አልታወቀም። ፆታ፣ አልታወቀም።

«ክትባት የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ካልተከተቡት ጋር ደምሮዎታል» አለ ላቀው፣ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት ሳይታይ። «ዶክተሯ ልትሄድ ስለሆነ ቶሎ ይወስኑልኝ። ልሰርዝዎት ወይስ ይከተባሉ?»

ዶክተር ምንትዋብ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና የበረዶ ሣጥኑን ከፈተች።

አቶ አሥራደ ሣጥኑን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ።

«ሰርዘኝ» አሉ።

ክትባቱ ከምሳ በፊት ቆላ ወረደ። በዚያን ቀን ከሰው ወገን የተከተበ የለም።