የተመለሰው ሾርባ

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ወገኖቼ። ልጅ ስላችሁ ሕፃን እንዳትመስላችሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላት፣ ሥራ ያላት፣ ራሷን የቻለች ሴት ናት። ይህች ሴት ከአባቷ ጋር ቻይና ምግብ ቤት ተቀምጣለች። ሾርባው ቀርቧል። እሷ ግን ልትናገረው የመጣችው አንድ ቃል አልወጣ ብሏት ማንኪያዋን ታገላብጣለች።

ቃሉ ምን መሰላችሁ? «አባዬ፣ ሽማግሌ ሊመጣ ነው።» ይኸው ነው።

ቀላል ነው አትሉም? ለማን ነው የሚቀለው? አገራችሁን ታውቁታላችሁ። በኛ ቤት ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለአባቷ ፊት ለፊት አትናገርም። ለእናቷ ትነግራለች። እናት ደግሞ አባወራው ደስ ያለው ቀን ጠብቃ፣ ወዲያም ወዲህም ብላ ነገሩን ታደርስለታለች። የረድኤት እናት፣ የልጅቱ ስም ረድኤት ነው፣ ወይዘሮ አስካለ ካረፉ ግን ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አክስት የላት፣ ታላቅ እህት የላት። በማን በኩል ትናገር?

ሊያገባት የሚፈልገው ልጅ ቤተሰቦች ደግሞ «ሽማግሌዎቹን የሚቀበሉበትን ቀን ጾም ሳይገባ ይቁረጡልን» ብለው ለረድኤት ከላኩ ሦስት ወር አለፈ። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የልጁ እናት «ባይፈልጉን ነው እንጂ እስካሁን መልስ አይጠፋም ነበር፤ ሌላ ቤት እንይ» ማለት ጀምረዋል። ረድኤት ልጁን ትወደዋለች። ጭንቋ ይገባችኋል?

ታዲያ ለምን ቻይና ቤት? ልንገራችሁ።

አባቷ ጋሽ ወልደየስ ጡረታ የወጡ ቡና ቀማሽ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በማንኪያ ፉት እያሉ፣ አፋቸው ውስጥ እያንከባለሉ፣ መልሰው እየተፉ ለቡና ደረጃ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ ምላስ ትዳር መሠረቱ፣ በዚያ ምላስ ልጅ አሳደጉ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ምላሳቸው ግን አብሮ አልወጣም።

እኚህ ሰው ድሮ ደሞዝ በተቀበሉ ቁጥር ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ወደነበረ አንድ ቻይና ቤት ይሄዱ ነበር። ያኔ በከተማው ያለው ቻይና ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ረድኤት ዛሬም ዓይኗን ስትጨፍን ያ ቤት ይመጣባታል። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቀይ የወረቀት ፋኖስ ይታያታል። እግሯ መሬት የማይደርስበት ወንበር ይታያታል። የሾርባው ክዳን ሲነሳ እንፋሎቱ የእናቷን መነጽር ያለብሰዋል፣ እናቷም ምንም ሳይታያቸው ይስቃሉ። አቤት ያ ሳቅ! አባቷ በሁለት እንጨት ሩዝ ለመያዝ ሲታገሉ «ወልዴ፣ እግዜር እጅ ሰጥቶህ የለም እንዴ!» ይሏቸው ነበር። ያ ቤት ፈርሶ አሁን በቦታው ፎቅ ቆሟል። በዚያ ሲያልፉ አባትም ልጅም ፊታቸውን ያዞራሉ።

ረድኤት የአባቷ ልብ የሚከፈተው እንደዚያ ባለ ገበታ ላይ መሰላት። በሦስት ወር ውስጥ አምስት ቻይና ቤት ወሰደቻቸው። ምን ተገኘ? ቦሌ ወሰደቻቸው፤ ሾርባውን ሰው እስኪዞር ድረስ ፉት አሉና «ደረጃ አራት» አሉ። ገርጂ ወሰደቻቸው፤ «ሩዙ ገንፎ ሆኗል፣ ደረጃ አምስት።» ወሎ ሰፈር ወሰደቻቸው። «አባዬ፣ ይኼ እኮ ቻይናዎቹ ራሳቸው የሚበሉበት ቤት ነው» ብትላቸው «እኔ የመጣሁት ሾርባ ልቀምስ እንጂ ቻይና ልቆጥር ነው?» አሏት።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ...» ስትል፣

«ቆይ እስቲ፣ ይኼ ዝንጅብል ነው ወይስ ሳሙና?»

ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ያ የድሮው ቤት ነው። ያ ሾርባ፣ ያ ሙያ፣ ያ ዘመን! ደረጃ አንድ የሚባለው እሱ ብቻ ነበር። ልጅቱ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ስድስተኛው ቤት ደረሱ። እሑድ ቀትር ላይ ነው። ጋሽ ወልደየስ ፉት አሉ፣ ጠበቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አስተናጋጇን ጠሩ። «የኔ ልጅ፣ ወጥ ቤት ላለው ሰው ንገሪልኝ። ይኼ ሾርባ አፍ ላይ አይቆይም። እንደገና ይሥራው።»

ረድኤት አንገቷን ደፋች። እንባዋ መጣ። ለሾርባው መሰላችሁ? «በቃ፣ ዛሬም ሳልነግረው ልመለስ ነው» ብላ ነው።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው እጁን በሽርጡ እየጠረገ ብቅ አለ። ቀጥ ብሎ ወደ እነሱ መጣ።

«ጋሽ ወልደየስ! እሳቸው ናቸው አልኩ እኮ! 'አፍ ላይ አይቆይም' ብሎ ሾርባ የሚመልስ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው።»

ስሙ ገረመው ይባላል። በዚያ በፈረሰው ቤት ሾርባውን ይሠራ የነበረው እሱ ነው። ተቃቅፈው ተሳሳሙ። አባትየው እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ወቀሳ ጀመሩ። «አንተ እያለህ ነው እንዴ እንዲህ ያለ ሾርባ የሚቀርብልኝ? ያ ሙያህ የት ገባ?»

ገረመው ሳቀ። «ጋሼ፣ ሾርባው ያው ነው። እጁም ያው፣ አሠራሩም ያው። ያኔም እኮ ይመልሱት ነበር።»

«እኔ?»

«በየወሩ!»

«ይሁን። አሻሽላችሁ ስታመጡልኝ ግን ጥርግ አድርጌ እበላው አልነበር?»

ገረመው ረድኤትን አየት አደረገ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «እትዬ አስካለ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እጃቸውን ሊታጠቡ የተነሡ መስለው ወጥ ቤቱ በር ላይ ይመጡ ነበር። 'ገረመው፣ ምንም እንዳትነካው። ብቻ አሙቀህ፣ ቆየት ብለህ አምጣው። እስኪመጣ እኔ አጫውተዋለሁ' ይሉኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጋሼ። ጨው እንኳ ጨምሬበት አላውቅም።»

ወገኖቼ፣ አስቡት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልተሳሳተ ምላስ! አገር ያመነው ምላስ!

ጋሽ ወልደየስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ለካ...» አሉ። «አለቃዬን አምቼላት፣ ብሶቴን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ ነበር የምትነግረኝ። ስለ ቤት ኪራዩም፣ ስለ እናቷ ሕመምም፣ የቤቱን ነገር ሁሉ የሰማሁት ያን ሾርባ ስንጠብቅ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺን ማርገዟን የነገረችኝም እዚያው ወንበር ላይ ነው።»

ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጃቸው አንስተው ለገረመው ሰጡት። «በል፣ ምንም እንዳትነካው። አሙቀህ፣ ቆየት ብለህ አምጣው።» ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ረድኤት አስጠጉ። «እስኪመጣ አንቺ አጫውቺኝ። ስንት ጊዜ 'አንድ ነገር' እያልሽ ተውሽው። ምንድን ነው?»

ነገረቻቸው። አንገቷን ደፍታ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ እየጠቀለለች ነገረቻቸው።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«ታውቀዋለህ፣ አባዬ። እማዬ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች በየቀኑ ብርቱካን ይዞ የሚመጣው ረጅሙ ልጅ።»

«ያ ረጅሙ?» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔ እኮ የሐኪም ቤቱ ሠራተኛ መስሎኝ አልጋ ሁሉ አስገፍቼዋለሁ!» ረድኤትም ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። «የፊታችን እሑድ ይምጡ በያቸው» አሉ አባትየው። «እናትሽ ብትኖር ይኼን ያህል አታስጠብቃቸውም ነበር።»

ሾርባው መጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ተመልሶ ሞቀ። በዚያ ቀን ደረጃ የሰጠው ሰው የለም።

አያችሁ ወገኖቼ? አባቶቻችን «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» የሚሉት ለዚህ ነው። እስራኤልስ በምድረ በዳ ከሰማይ የወረደ እንጀራ እየበሉ የናፈቃቸው ምን ነበር? የግብፅ ሽንኩርት! ሽንኩርቱ ታወሳቸው፣ ጅራፉ ተረሳቸው።

እናንተስ? እኔስ? «ድሮ መዝሙር ነበር፣ ድሮ ሰባኪ ነበር፣ ድሮ ጎረቤት ነበር» ስንል አንውልም? ድሮ ደረጃ አንድ፣ ዛሬ ደረጃ አምስት። ስለ ድሮ ስናወራ ግን ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ? ልጃችሁ ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር የለም? ሚስትህ ጀምራ የተወችው ነገር የለም? አንቺስ፣ ባልሽ «ተይው፣ ሌላ ቀን» ያለሽ ምኑን ነበር?

ናፍቆት ኃጢአት ነው አላልኳችሁም። እኔም የሞቱብኝ ሰዎች አሉ፤ ትዝ ሲሉኝ ሆዴ ይባባል። ያለፈውን የሰጠን እግዚአብሔር ነው፣ እንወደው። ግን የዛሬው ቀንም አንድ ቀን ድሮ ይባላል። ያን ጊዜ «ምነው ትንሽ ባጫወትኩት፣ ምነው ትንሽ ባጫወትኳት» እያላችሁ የምታለቅሱት ለማን ነው? ሩቅ አትፈልጉ። አሁን አጠገባችሁ ተቀምጧል፤ ዞር ብላችሁ እዩት።