የደብሪቱ የሁለት ጣት እንጨት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት፣ ምንጭ ያለበት!»

ጎሽ! ቀረብ በሉ። የሚያንጎላጅ ካለ ከአሁኑ ሄዶ ይተኛ፤ እኔ ለግድግዳ አላወራም።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ እግሯ ከሌላው በሁለት ጣት ያጥር ነበር። አባቷ በልጅነቷ የወይራ ቁራጭ ጠረበና ከእግሯ ሥር በጠፍር አሰረላት። በዚያች ቁራጭ ቆመች፤ በዚያች ተዳረች፤ በዚያችው ባሏን ሸኝታ ቀበረች።

ታዲያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተራራው ተናደና አንድ ቋጥኝ የመንደሩ ምንጭ ላይ ጉብ አለ። ዝናቡ እስካለ ማንንም ግድ አላለውም። በጋ ሲገባ ግን ከብቱ ምላሱን አወጣ። ከዚያም ጭቃ ሹሙ ወንድይፍራው አገሬውን ሰበሰበና እንዲህ አለ፦

፦ ነገ ደቦ ወጥተን እንሞክራለን። እንቢ ካለን በማግስቱ ቆላ እንወርዳለን። መንገዱ የአራት ቀን ነው።

ደብሪቱ ፈራች። በዚያ እግሯ የአራት ቀን ቁልቁለት አትችልም። አገር ሲሄድ እሷ ከደረቀው ምንጭ ጋር ልትቀር ነው።

ሲነጋ ሃያ ጎበዝ ወፍራም ወፍራም እንጨት ከቋጥኙ ሥር ሰደደና «ሆ!» ብሎ ፈነቀለ። ቋጥኙ አንድ ጣት ያህል ብድግ አለ። ጎበዞቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እንጨቱን ለቀው ፉከራ! በዚያ አገር ወንድ ልጅ አንዲት ነገር ከሠራ ሳይፎክር አይሆንለትም። እነሱ «ዘራፍ!» ሲሉ ቋጥኙ ዱብ ብሎ ቦታው ይመለሳል። እንደገና «ሆ!»፣ እንደገና «ዘራፍ!»። እስከ ቀትር እንዲሁ ሆኑና ጉልበታቸው አለቀ።

ደብሪቱ ተነሣች።

፦ አያ ወንድይፍራው፣ እናንተ ስታነሡ እኔ ከሥር ጠጠር ልሸጉጥ።

፦ ሃያ ጎበዝ ያቃተውን ጠጠር ሊችለው? ደግሞ ሴት በደቦ መሃል! ዞር በይ፣ እንዳይጨፈልቅሽ።

፦ እኔን አርባ ዓመት ያቆመኝ ሁለት ጣት እንጨት ነው። ጠጠር አያነሣም፤ ያነሣችሁትን ይይዝላችኋል። ከዚያ እንደ ልባችሁ ፎክሩ!

ሳቁባት። ግን ደክሟቸዋልና ተዉአት።

«ሆ!» አሉ፤ ሸጎጠች። ፎከሩ፤ ቋጥኙ አልተመለሰም! «ሆ!» አሉ፤ ሌላ ሸጎጠች። ጣት በጣት ክንድ ሞላና ቋጥኙ ከምንጩ ሥር ወዳለው ገደል አጋደለ። አሁንም አነሡ። ደብሪቱ እጇን ብትሰድ ጠጠሩ አልቋል።

፦ ቶሎ በይ፣ ሊያመልጠን ነው! አለ ወንድይፍራው።

ጠፍሯን በጥሳ የወይራ ቁራጯን ከቋጥኙ ሥር ወሸቀች። ያዘ! ጎበዞቹ ተነፈሱ። እንጨታቸውን ጠለቅ አድርገው ሰደዱና ለመጨረሻ ጊዜ «ሆ!» አሉ። ቋጥኙ ተገልብጦ ገደል ገባ። ውኃው ቡልቅ አለ፤ ከብቱ ቦረቀ፤ ሴቱ እልል አለ!

ደብሪቱ ልትነሣ ብትል ወደቀች። ቁራጯ ከቋጥኙ ጋር ሄዳለች። ወንድይፍራው ሮጦ ትከሻውን ሰጣት።

፦ እመቤቴ፣ ይነሡ። የዛሬው ፉከራ የእርስዎ ነው።

በአንድ እግሯ ቆመችና ትከሻውን ተደግፋ፦

፦ አካኪ ዘራፍ! ቋጥኝ በጠጠር የምደግፍ! አለች።

አገሩ በሙሉ አብሯት ፎከረ። ቆላ የወረደ የለም። ሃያው ጎበዝ ሃያ የወይራ ቁራጭ ጠርቦ አመጣላት፤ አሥራ ዘጠኙ ልክ አልመጣም፣ አንዱ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር ደቦ ሲወጣ «ሆ!» ከመባሉ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጠጠሩን ማን ያዘ?»

ተረቴን መልሱ፣ ትኩሱን ቂጣ ለእኔ ቁረሱ!