ቆዳውን አምጣና እንይ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰው ሲፎክር በሰማ ቁጥር «ቆዳውን አምጣና እንይ!» ይል ነበር። ጎረቤት ስለ በሬው ቢያወራ፣ ቄሱ ስለ ጾማቸው ቢያወሩ፣ እኔም ስለ አረምኩት ማሳ ባወራ፣ መልሱ ያው ነው። «ቆዳውን አምጣና እንይ!»

ቃሉ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ቀስት የያዛችሁ ቀስታችሁን አስቀምጡና ተቀመጡ። ዛሬ ተናድጃለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግን ተናድጃለሁ። ዛሬ ጠዋት ከማሳዬ ጫፍ፣ ታፋዋ ላይ ፍላጻ የተሰካባት ድኩላ ስታነክስ አየሁ። ፍላጻው የማናችሁ እንደሆነ አላወቅሁም። የማንም ይሁን፣ ባለቤቱ ይስማኝ።

ወንዛችን ድልድይ ሳይኖረው፣ ደኑም እስከ ቤት ጓሮ ሲደርስ፣ በዚሁ በቁልቋል ሜዳ ቢረሳው የሚባል ሰው ነበር። ቆዳ ፋቂ ነበር። ቤቱ ከሰፈሩ ዝቅ ብሎ ከወንዙ ዳር ነው። ሽታው እንዳይደርስብን ብለው ነው እዚያ ያስቀመጡት። እሱ ባለፋው አጎዛ ላይ ይተኛሉ፣ እሱ በቆረጠው ጠፍር ያርሳሉ፣ እሱ ባከረረው ጅማት ቀስታቸውን ይወጥራሉ። እሱን ግን ከደጃቸው አያስቀምጡትም።

ቢረሳው ፊደል አልቆጠረም፤ እንደኔ ነው። ቆዳ ግን ያነባል። አዳኝ የገደለውን ድኩላ ቆዳ ሲጥልለት በችካል ወጥሮ ወደ ፀሐይ ያየዋል። ቀዳዳው ከፊት እግሩ ኋላ፣ ከብብቱ ከፍ ብሎ ከሆነ «ይህ ቶሎ ሞቷል፤ ተመስገን» ይላል። ታፋው ላይ ከሆነ፣ ሆዱ ላይ ከሆነ፣ ይናደዳል። ቁስሉ ያመረቀዘበትን ያየዋል። አንዳንዴም የአምና ፍላጻ ብረቱ ከቆዳው ሥር ሥጋ ለብሶ ያገኘዋል። ይናደዳል፣ ያለቅሳል፣ ይፍቃል። ማን ይሰማዋል?

በዚያ ዘመን የአገሩ ገዢ ግራዝማች ጓንጉል ነበሩ። አንቱ የምላቸው ለልማድ ነው እንጂ ለሰውየው አይደለም። ግራዝማች ካደኑ ግብዣ አለ፤ ግብዣ ካለ ፉከራ አለ። አንድ ቀን ድኩላ ገድለው፣ ሰው ሰብስበው፣ «ዘራፍ! በአንዲት ፍላጻ! ሁለተኛ እርምጃ ሳይራመድ!» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ቢረሳው ጠፍር ሊያስረክብ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል።

«አራት ነው» አለ።

ጭብጨባው ቆመ። «ማነው እሱ?» አሉ ግራዝማች።

«ቢረሳው ነኝ ጌታዬ። ቆዳው እኔ ዘንድ ነው። አራት ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ታፋው ላይ፣ አንዱ ሆዱ ላይ፣ አንዱ አንገቱ ላይ። የታፋው አመርቅዟል። ሦስት ቀን ተሠቃይቷል ጌታዬ። እሱም እኮ ፈጣሪ አለው።»

«አንተ ፋቂ! ስለ ቀስት አንተ ልታስተምረኝ?»

አንዱ ሎሌ ቀበል አድርጎ፣ «ይሞክራ ጌታዬ! ድኩላው ሽታውን ሰምቶ ካልሸሸ!» አለ። ተሳቀ።

«ይሞክር!» አሉ ግራዝማች። «ሦስት ጊዜ ይፈተን። አንዱን ከሳተ ቤቱ ይፍረስ፤ ልጆቹን ይዞ ከአገሬ ይውጣ።»

ክረምቱ ገብቷል። የቢረሳው ሚስት እርጉዝ ናት። ከዚያች ጎጆ ሌላ መጠጊያ የላቸውም።

በመጀመሪያው ቀን የድኩላ ቆዳ በገለባ ሞልተው ሃያ አምስት እርምጃ ላይ አቆሙለት። አንድ ያላወቁት ነገር ነበር። ቢረሳው ያከረረውን ጅማት ሁሉ የሚፈትነው እንዲህ ያለ ገለባ ላይ እየወረወረ ነው። ከአምስት እርምጃ ይጀምራል። አሥሩም ፍላጻ መዳፍ በምታህል ቦታ ካልገባ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ አይልም። ዓመት ቢፈጅም አይልም። ጅማቱን ሲስብ እጁ ከከንፈሩ ጥግ ያርፋል፤ ዛሬም እዚያው፣ ነገም እዚያው። በልቡ «እግዚኦ ማረኝ» ይላል፤ ትንፋሹ ሲረጋ ይለቀዋል። ፍላጻው እስኪያርፍም ክንዱን አያወርድም። ሳበ፣ «እግዚኦ ማረኝ» አለ፣ ለቀቀ። ከብብቱ ከፍ ብሎ ገባ።

በሁለተኛው ቀን ከወንዙ እስከ ኮረብታው አናት አስሮጡትና «ሳታርፍ ወርውር» አሉት። ነፋስ ነበር። ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። ጅማቱን ሳይስብ ቆመ። «እግዚኦ ማረኝ» አለ። አሁንም ቆመ።

«ምን ይጠብቃል ጃል? ፋሲካን ነው?» አሉ ሎሌዎቹ፤ ሳቁም።

ሦስት ጊዜ «እግዚኦ ማረኝ» አለ። ነፋሱም ትንፋሹም ጋብ ሲል ሳበ፣ ለቀቀ። ከብብቱ ከፍ ብሎ ገባ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

በሦስተኛው ቀን ደን ወሰዱት። ግራዝማች ቀስታቸውን ይዘው ከኋላው ናቸው። አንዲት ድኩላ ወጣች፤ ሠላሳ እርምጃ ላይ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ቢረሳው ሳበ። ግራዝማች ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ሚስትህ ከጭቃ ላይ ትወልዳለች» አሉት።

የቢረሳው እጅ ከከንፈሩ ጥግ ተነቃነቀ። ቀስቱን አወረደው።

«ሳተ!» ብለው ሎሌዎቹ ጮኹ።

«አልወረወርኩም» አለ። «ተናድጃለሁ ጌታዬ። እጄ ቦታውን አጥቷል። የተናደድኩት በእርስዎ ነው፤ እሷ ምን አደረገችኝ?»

ድኩላዋ ጩኸቱን ሰምታ ሮጠች። ግራዝማች በሩጫዋ ላይ ለቀቁባት። ታፋዋን መቷት፤ ፍላጻውን ይዛ ጫካው ውስጥ ገባች። «መታኋት!» አሉ። «በሉ ሂዱ፣ የሱን ቤት አፍርሱ!»

አፈረሱት። የሰው ልጅ እንዲህ ነው። በአጎዛው ላይ የተኙ፣ በጠፍሩ ያረሱ፣ እነሱው አፈረሱት። ሚስቱና ልጆቹ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ካለው ዋርካ ሥር ዝናብ መታቸው።

ቢረሳው ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። የድኩላዋን ደም ተከተለ። ዝናቡ ደሙን ሲያጥበው ኮቴዋን ተከተለ። በሁለተኛው ቀን ከሸምበቆ ውስጥ ቆማ አገኛት። እጁን ከከንፈሩ ጥግ አደረገ። «እግዚኦ ማረኝ» አለ። አንድ ፍላጻ ብቻ ለቀቀ።

እሑድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ቆዳው ከዋርካው ፊት በችካል ተወጥሮ ጠበቃቸው። ሁለት ቀዳዳ ነበረው። አንዱ ከታፋው ላይ፣ አረንጓዴ ሆኖ አመርቅዟል፤ የግራዝማች ምልክት ያለበት ፍላጻ ከሥሩ ተቀምጧል። ሁለተኛው ከብብቱ ከፍ ብሎ፣ ንጹሕ። ቢረሳው ከቆዳው አጠገብ ቆሟል። ሕዝቡም ቀርቦ ቀዳዳዎቹን አየ። ያን ጊዜ አያ ዳምጤ የሚባሉ፣ በፉከራ የሸበቱ አዳኝ፣ ቀስታቸውን ከቢረሳው እግር ሥር አኖሩና «የኔንም ቆዳ አምጣና እንይ» አሉት። ሌላውም «የኔንም» አለ። ሌላውም። ግራዝማች በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ።

ቤቱን ያፈረሱት ሰዎች መልሰው ሠሩለት። የት? እዚያው ከወንዙ ዳር! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ በቁልቋል ሜዳ ቆዳው ከዋርካው ሥር ሳይወጠር አይፎከርም። አሥር ፍላጻ መዳፍ በምታህል ቦታ ያላስገባ ወደ ደን አይወጣም። ያቆሰለም እስከ መጨረሻው ይከተላል። ስሙ ቢረሳው ነው፤ ሰውየው ግን አልተረሳም። ልማዱን የረሳችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔም ረስቼ አውቃለሁ። ወጣት ሳለሁ በሚሮጥ ድኩላ ላይ ለቀቅሁ፤ ታፋውን መታሁት። ዝናብ መጣና ተመለስኩ። ለአባቴ «ስቼዋለሁ» አልኩት። በአራተኛው ቀን አንድ የማላውቀው መንገደኛ ደጄ ቆመ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ፍላጻው ላይ ያለውን ምልክቴን ለሰው እያሳየ ጠይቆ ነው የመጣው። የአገራችንን ልማድ አያውቅም፤ አባቴንም አያውቅም። ፍላጻዬን እጄ ላይ አኖረና እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ገላገልኩት። ቆዳውን ላምጣልህ፣ ወይስ ምን እንዳለበት ታውቀዋለህ?»