ያላለቀው የባላምባራስ ሙሾ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

እሰይ። ላሟ ከገባች በሩን ግጠሙና ቅረቡ። አንተ፣ እግርህን ሰብስብ። አንቺም ሹሩባሽን ነገ ትሠሪዋለሽ።

በድሮ ዘመን፣ ደጋ አገር፣ አንጓች የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት ይጠሯታል። ትሄድና ከለቀስተኛው መሐል ቆማ ስለ ሟቹ ግጥም ታወርዳለች። ያን ጊዜ የማያለቅስ የለም። ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ሸክሙን አውርዶ ያለቅስ ነበር። ከዚያም የሟች ቤተሰብ እህል ያሸክማታል። የባሏ የአዳሙ መሬት ጠባብ ነበርና፣ ያ እህል ባይኖር ክረምቱ አይወጣም።

ግጥሙን የምታሰላስለው ወንዝ ዳር ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ውሃው ይወርዳል፣ ቃሉ ይመጣል። ከዚያም ስንዱን ወለደች። ስንዱ አፍ ስትፈታ ምናሉን ደገመች። አማቷ እስካሉ ልጆቹን ያዙላት። እሳቸው ሲያርፉ ግን ያዥ ጠፋ።

አንጓችም እንዲህ አለች፦ «ምን ቸገረኝ! እቤቴ ሆኜ አሰላስላለሁ። ግጥም በሬ አይፈልግ፣ ማረሻ አይፈልግ። ልጆቼንም አያለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ።»

አትሳቁ። ወልዳችሁ ታዩታላችሁ።

በማግስቱ ጎረቤቷ እታለማሁ ብቅል ተሸክማ ከች አለች።

እታለማሁ፦ «እትዬ አንጓች፣ እቤት ነሽ አይደል? ከዋልሽ አይቀር ይቺን ብቅል ደጅሽ ላስጣት። ዶሮ ከልክይልኝ።»

አንጓች፦ «ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

እታለማሁ፦ «የታለ ሥራው?»

አንጓች፦ «ጭንቅላቴ ውስጥ።»

እታለማሁ፦ «እሰይ! እጅሽ ባዶ ነው ማለት ነዋ!»

ብቅሏን አሰጣች፣ ልጆቿንም እዚያው ጣለችና ገበያ ወረደች። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ቀርቷል የሚላችሁ ካለ እንዳታምኑት።

ማታ አዳሙ ከእርሻ ገባ። ምድጃውን አየና፦ «ቀኑን ሙሉ እቤት ውለሽ ምን ሠራሽ?» አለ።

«በግጥሜ አንድ ሽማግሌ ስቀብር ዋልኩ።»

«ራቱስ?»

«አብሬ ቀበርኩት።»

ደስታም ግን ነበረው፤ ውሸት አልነግራችሁም። ምናሉ ጡቷን እንደጎረሰ እቅፏ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስንዱ ደግሞ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ ታዳምጣለች። የስንዱ ከንፈር ከተንቀጠቀጠ ስንኙ ደህና ነው። ስንዱ እግሯን ማከክ ከጀመረች ስንኙ ይጣላል። እንዲህ ያለ ዳኛ ወንዝ ዳር አይገኝም።

አንድ ቀን አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሞቱ። አንጓች ግጥሙን ስትጀምር ምናሉ ሲያለቅስ፣ ስትቀጥል ዶሮዋ ብቅል ላይ ስትወጣ፣ ሳትጨርስ ሄደች። ከለቀስተኛው መሐል ቆመች። ቃሉ ጠፋት። ከሩቅ የሰው ሕፃን አለቀሰና ጡቷ ወተት ሞላ። አፏም ሳታስበው፦ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ!» አለ። ለዚያ ጢማም ሽማግሌ! ግማሹ ለቀስተኛ አለቀሰ፤ ግማሹ ነጠላውን አፉ ውስጥ ወተፈ። ቤተሰቡ ተቀየመና ባዶ እጇን ሸኛት። ከዚያም በየመንደሩ፦ «ለሚቀጥለው ከወንዝ ማዶ ያለችውን አልቃሽ እንጥራ» ይባል ጀመር።

በዚያው ሰሞን ባላምባራስ ይመኑ ታመሙ። ባላምባራስ የአገሩ ሁሉ ሀብታም ነበሩ። በራቸው ግን ሁልጊዜ ዝግ ነው። ጠላቸውን ሰው የሚያውቀው ከአጥር ውጭ በጠረኑ ብቻ ነበር። ቢሞቱ ለቅሷቸው የአገር ለቅሶ ነው። አንጓችም ነገሩን አሰላች። ይህ ለቅሶ ቢያምርላት ስሟ ይመለሳል፤ ቢበላሽ ግን አበቃ፣ ከእንግዲህ እህል ወደ ቤቷ አይገባም።

«አሁኑኑ ልጀምረው» አለች። ግን የቁም ሰው ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። ይህን አደረገች ከተባለ በሠርግም በለቅሶም በደጁ የሚያሳልፋት የለም። ስለዚህ በሹክሹክታ ጀመረች፦

«በሩ እንደ ሰማይ ለሰው የማይዘጋ፣
ይመኑ ከሄደ ማን አለው ይህ ደጋ?»

ምናሉ አለቀሰ። አጠባችውና ከመጀመሪያው ጀመረች። የእታለማሁ ልጆች ተጣሉ። ገላገለችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ደጋግማ ስትጀምረው ልጆቹ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደዱት።

ከዚያም አንድ ከሰዓት ልጆቹ የለቅሶ ጨዋታ አማራቸው። አንድ ቅል በጨርቅ ከፈኑና ስንዱን አልቃሽ አደረጉ። ጥላ ሲፈልጉ ደግሞ የት ቢሄዱ ጥሩ ነው? ባላምባራስ አጥር ሥር! እዚያ ቅሉን አጋደሙና ደረታቸውን እየደቁ፣ «ይመኑ ከሄደ!» እያሉ በረጅሙ አወረዱት።

ብዙም ሳይቆይ የባላምባራስ አሽከር ወደ አንጓች ቤት መጣ።

«ባላምባራስ ይጠሩሻል። ልጆችሽንም ይዘሽ ነይ» አላት።

አንጓች ነገሩ ገባት። ምናሉን አዘለች፣ ስንዱን በእጇ ያዘችና ሄደች። ገና እግሯ ሳይገባ የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ ደብሬ ጮኹ፦ «ይቺ ናት ሟርተኛዋ! ባሌን በቁሙ ቀበረችው! እሰሩልኝ!»

ባላምባራስ ከአልጋቸው ላይ፦ «ዝም በይ፣ ደብሬ። አንቺ፣ አውርጂው።»

አንጓች፦ «ጌታዬ፣ ስለ እመቤቴ ይማሩኝ…»

ባላምባራስ፦ «አውርጂው አልኩ። ልጆቹ እያበላሹት ነው የሰማሁት።»

አንጓችም አወረደችው። ያልተሰማውንም ጨመረችበት፦

«ለድሃ ሚነሣ እንደ ትልቅ ጌታ፣
ዛሬ ማን ይቀበል እንግዳ በማታ?»

ባላምባራስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያም፦ «ይህ በሩ የማይዘጋው ሰው ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ በሬን ከፍቼ አውቃለሁ?»

 ስንዱ ቀደመችና፦ «እኛ ስናየው ሁልጊዜ ዝግ ነው» አለች። እናቷ ቆነጠጠቻት።

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ?» አሉ ባላምባራስ።

«ጌታዬ፣ ሙሾ እውነቱን ካወራ ማን ያለቅሳል?»

 ከዚያም ከአልጋው ላይ ኩርፍ ኩርፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ደብሬ ጣር መስሏቸው ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ። ሳቅ ነበር። ባላምባራስ ሳቁ፣ ሳቁና አክታው ተነቀለላቸው። ተነሥተው ተቀመጡ። አጥሚት አምጡልኝ አሉ።

«ሙሾው አልቋል?» አሉ አጥሚቱን እየጠጡ።

«ኧረ አላለቀም፣ ጌታዬ። አንዱ ሲተኛ አንዷ ትነሣለች። ሁለቱ ሲተኙ ጎረቤት ይመጣል።»

«እንግዲያው ስሚ። እንዲህ ያለ ሙሾ ጎዶሎ ሆኖ አልቀበርም። እሱ ሳያልቅ አልሞትም። ሌላ አልቃሽም ደጄ አትቆምም።»

ወይዘሮ ደብሬ ባላቸውን ደስ ሊያሰኙ ብለው፦ «ታዲያ ምን ችግር አለ! እዚሁ ጸጥ ያለ እልፍኝ እንስጣት። ልጆቹን ገረዶች ይያዙላትና ቶሎ ትጨርሰው» አሉ።

ባላምባራስ አፈጠጡባቸው፦ «ጸጥ ያለ እልፍኝ? ልትገድይኝ ነው? አሁኑኑ ወደ ቤቷ ትሂድ! ከነልጆቿ!»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አሽከሩ ይመጣል።

«አለቀ ወይ?» ይላል።

«ምኑ ያልቃል! ምናሉ ጥርስ እያበቀለ ነው።»

አሽከሩ ሄዶ ይነግራቸዋል። ባላምባራስም፦ «ተመስገን!» ብለው ጥሬ ሥጋ ያዛሉ። ስሟም ተመለሰ። ባላምባራስን ከአልጋ ያስነሣች ተብላ ከሩቅ አገር ሳይቀር ትጠራ ጀመር። ባላምባራስም ሙሾው ፈጽሞ ውሸት እንዳይሆን ብለው፣ በዓል ሲሆን በራቸውን ገርበብ ያደርጉ ጀመር። ገርበብ ነው ያልኩት፤ ወለል አላልኩም።

ዓመታት አለፉ። ስንዱ አገባች። ምናሉም ጎጆ ወጣ። ቤቱ ጭር አለ። አንድ ቀን አሽከሩ መጥቶ ሳይጠይቅ ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ ጉድ ሆነናል። አንጓች ብቻዋን ተቀምጣ ታንጎራጉራለች። የሚያቋርጣት የለም» አለ።

ባላምባራስ ደነገጡ። በቅሎ አስጫኑና በስተርጅና ራሳቸው መጡ።

«አንጓች፣ በሞቴ፣ አንድ ልጅ ድገሚ!» አሉ።

«ኧረ ባላምባራስ! ይህን ሽበት አያዩም?»

አዩት። ራሳቸውን ወዘወዙ። ከዚያም ከበቅሏቸው ወረዱና ገብተው መደቡ ላይ ዘፍ አሉ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እኔው እየመጣሁ እውላለሁ» አሉ። «ነይ ውሃ ስጪኝ። ወገቤንም አሞኛል። ደግሞ ያ የማን በግ ነው?»

አንጓች ልትመልስ ብላ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ቀደማት። ስንት አገር ያስለቀሰችው አንጓች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የጀመረችው ስንኝም እልም ብሎ ጠፋ።

ባላምባራስ ሞቱ ወይ ትሉኛላችሁ? ሙሾው አላለቀም አልኳችሁ እኮ!

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ግን ከመሐሉ ቁረሱልኝ፤ ጠርዙን ጥርስ ላለው ስጡት።